ያልተጠራው ምስክር

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

አራዊት ሁሉ በአንድ ሸንጎ በሚዳኙበት ዘመን፣ ከገደሉ ሥር አንድ የማኅበር ጎተራ ነበራቸው። ከመኸር በኋላ በየአውድማው የተራረፈው ማሽላና ሽንብራ እዚያ ይከተትና ክረምት ሲገባ እየተሰፈረ ይከፋፈላል። አንበሳና ነብር በሽንብራ ምን ይሠራሉ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ድርሻቸውን እያበደሩ ወለዱን በሌላ መንገድ ይቀበሉ ነበር ይባላል፤ በምን መንገድ እንደሆነ ተረቱ አይናገርም።

በአንድ የሐምሌ ማለዳ ጎተራ ጠባቂዋ ጅግራ ክዳኑን ከፍታ ብታይ እህሉ ካስቀመጠችው ምልክት ወርዷል። “ኧረ ጎተራው ጎድሏል!” ብላ ጮኸች። ጩኸቷን ቁራ ሰምቶ ለዝንጀሮ ነገረው፣ ዝንጀሮ ለሚዳቋ፣ ሚዳቋ ለአያ ጅቦ። ረፋዱ ላይ የአንበሳ አዋጅ ነጋሪ ወጥቶ ሲለፍፍ ሸንጎው የተጠራው “ስለተሰረቀው እህል” ነበር። ከዋርካው ሥር ያልተገኘ የለም። የአውጫጭኝ ሥርዓት ነውና ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሰማዩ ደግሞ ከወዲያ ማዶ መጥቆር ጀምሯል። እንዲህ ባለ ቀን ሌባ ቶሎ ይገኛል።

ነገረ ፈጅዋ እመት ጦጢት ናት። በዚያ አገር አንደበቷን የሚስተካከል የለም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ዘንጓን አንሥታ፣ ከሸንጎው መካከል ገባችና ወደ ጃርት ዞረች።

“ተጠየቅ አንተ ጃርት፣ በላ ልበልህ፣
እሾህህ ሲመሰክር ምን ይላል አፍህ?”

ሸንጎው በጭብጨባ ተናወጠ። ጦጢት ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቃ ነገሯን ዘረዘረች።

“እሾኹ በጎተራው ደፍ ላይ ተገኝቷል። በዚህ አገር እንዲህ ያለ እሾህ የሚጥል ከጃርት በቀር የለም። እንደሚታወቀው ጃርት ሌሊት ነው የሚሄደው። ጉድጓዱ ቢፈተሽ የአጥንት ክምር ተገኝቶበታል። አባቱም የሰው ድንች ሲቆፍር በወጥመድ ነው የሞተው። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ? ጎተራውን የዘረፈው ጃርት ነው፣ አንበሳ ይሙት!”

አንበሳ በሞቱ ሲማልበት ደስ ይለዋል። ራሱን ከፍ አደረገ።

ጃርት ተነሣ። መናገር የማይሆንለት፣ ብዙ ዓይን ፊት መቆም የሚያስጨንቀው ፍጥረት ነው። “አልሰረቅሁም” ብሎ ዝም አለ። በዚያ ላይ ሲፈራ እሾኹ ይቆማል፣ የጅራቱም እሾህ እየተጋጨ ይንኳኳል፤ የጃርት ዘር ሁሉ ተፈጥሮው ይኸው ነው። ሸንጎው ግን “አያችሁት? ጭራሽ ሊወጋን!” አለ።

በዚያ ሸንጎ ፍርድ የሚጀመረው ከታናሽ ነው። ይህን ከሰው የወሰዱት ነው። በጥንቱ የንጉሥ ችሎት አስተያየት የሚሰጠው ከዝቅተኛው ሹም ተጀምሮ ወደ ላይ ነበር፣ ታናሹ የታላቁን ቃል ቀድሞ ሰምቶ እንዳያጎበድድ። ጥሩ ሥርዓት ነው። ችግሩ ታናሹ የታላቁን ፊት ማየቱ ነው።

አይጥ “ጥፋተኛ ነው” አለ። ሽኮኮ “ጥፋተኛ ነው” አለ። ጥንቸል እንኳን ልትጨምር፣ የተባለውን ሳትጨርስ ተቀመጠች። ተራው አህያ ላይ ደረሰ።

አህያ የሚቀመጠው ዳር ነው፣ ከአያ ጅቦ የሚያርቀውን ቦታ በዓይኑ እየለካ። ከእሱ የሚጠበቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ግን ይህ አህያ እንዲሁ አህያ አይደለም። የቀድሞ ጌታው የድንበር ሙግተኛ ነበር፤ ሙግቱን ከአባቱ ወርሶ ለልጁ የሚያወርስ ዓይነት ሰው። ለውርርድ የሚያዘውን ማርና የባለጉዳዩን ስንቅ ተሸክሞ ዳኛ ደጅ የሚውለው አህያው ነው። ያ ዘመን በላ ልበልሃ የሚባለው ሙግት የነገሠበት ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ በግጥም የሚፋጩበት፣ መንገደኛው ጉዳዩን ትቶ ቆሞ የሚያደምጥበት። ከ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ወዲህ ነገሩ ወደ ወረቀት እየዞረ ሄዷል። ያን ጊዜ ግን ነገር የሚመዘነው በጆሮ ነበር። አህያ ደግሞ ጆሮ አያጣም።

ከአጥሩ ታስሮ ብዙ ክረምት ካደመጠ በኋላ አንድ ነገር አስተውሏል። ግጥም ያማረለት ሁሉ አይረታም። አንዳንድ ዳኛ ነበር፣ ፉከራውና ግጥሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ እጁን አንሥቶ “መልካም። አሁን ምኑ ነው ነገርህ፣ ምኑስ ነው ማስረጃህ?” የሚል። በዚህች ጥያቄ ስንቱ አንደበተ ርቱዕ ላብ በላብ ሲሆን አህያው አይቷል።

“በል እንጂ፣ ዝናቡ ደረሰ” አለው አንበሳ።

“ጌታዬ፣ ፍርድ ከመስጠቴ በፊት ጭነቱ ይራገፍልኝ።”

ሸንጎው ሳቀ። አህያ ሳቁን ለምዶታል፤ እስኪያልቅ ቆየ።

“እኔ የማውቀው መጫን ነው” አለ። “ጭነት መንገድ ላይ ሲያጋድል ብልህ ነጋዴ አህያውን አይደበድብም። ያራግፋል። ምኑ በምን ላይ እንደተቀመጠ አይቶ መጫኛውን እንደገና ያጠብቃል። እመት ጦጢት ያቀረቡት ነገር አምሮ ተጭኗል። ግን ምኑ ጭነት፣ ምኑ ጀርባ እንደሆነ አልለየልኝም።”

“ይህ ደንቆሮ ምን ይላል?” አለች ጦጢት ወደ ነብር ዞራ።

“እመት ጦጢት፣ በመጨረሻ እንድናምንልዎ የሚፈልጉት የትኛውን ነው?”

“መስረቁን ነዋ!”

“እንግዲያው ጭነቱ እሱ ነው።” አህያ በሰኮናው አንድ ነጭ ድንጋይ ገፍቶ መሬቱ መካከል አኖረ። “የቀረው ሁሉ ተሸካሚ ይሆናል፣ መሸከም ከቻለ።”

ይህችን አንዲት ነገር፣ የሚባለውን ከሚባልበት ምክንያት መለየትን፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በሎጂክ ኮርስ ይማራታል። መነሻና መደምደሚያ ይላቸዋል። ፈተና ላይ “ስለዚህ” የምትለዋን ቃል ፈልጎ ከእሷ ቀጥሎ ያለውን ያሰምራል፤ “ምክንያቱም” ካለች ደግሞ ከእሷ ቀጥሎ ያለውን መነሻ ነው ብሎ ይጽፋል፣ ማርኩን ያገኛል። ሸንጎ ላይ ግን ነገር እንዲህ ተሰልፎ አይመጣም። ጦጢት አንድም ጊዜ “ስለዚህ” አላለችም፤ “ምን ቀረ?” ነው ያለችው፤ ያችን ጥያቄ የመለሰው ሸንጎው ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ መደምደሚያው ከማለዳ ጀምሮ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ መነሻዎቹ ከየቦታው እየተለቀሙ ከሰዓት በኋላ ይደርሱለታል። ማስረጃው ከፍርዱ ዘግይቶ የመጣበት ሙግት ከስንቱ ቤት እንዳለ አንባቢ ይቁጠረው።

አህያ ለእያንዳንዱ የጦጢት ቃል አንድ ጥቁር ድንጋይ ወደ ነጩ አስጠጋ። ከዚያ መጀመሪያ የአባትየውን ድንጋይ ነካ።

“ይህን ባነሣው ነጩ ይወድቃል?”

ማንም አልመለሰም።

“አባቱ በእርጅና ሞቶ ቢሆን ኖሮ ልጁ ትናንት ሌሊት የሠራው ይለወጥ ነበር?”

“እውነት ነው እኮ!” አለች ሚዳቋ ተቆጥታ። “በወጥመድ ነው የሞተው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!”

“ማን ካደ እመቤቴ? እውነት ነው። ግን እውነት ሁሉ አይሸከምም። የእኔ ጆሮ ረጅም መሆኑም እውነት ነው።” ድንጋዩን ወደ ሣሩ ገፋው።

“አጥንቱስ?” አለ ከርከሮ።

ጃርት ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም አድርጎ ተናገረ። “ጥርሴ ማደጉን አያቆምም። የምፋቅበት ካላገኘሁ አፌን ይዘጋዋል። በመንገዴ ያገኘሁትን አጥንት ወደ ጉድጓዴ የምጎትተው ለዚያ ነው።” አይጥ ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ፤ የእሱም ጥርስ እንደዚያው ነው። ወዲያው ደግሞ ከተከሳሽ ጋር መስማማቱ ትዝ ብሎት አንገቱን ሰበረ።

“የጎደለው ሽንብራ ነው፣ የተገኘው አጥንት ነው” አለ አህያ። “አጥንት ስለ ሽንብራ ምን ያውቃል?” ያም ድንጋይ ወደ ሣሩ ሄደ። የአጥንት ነገር ቶሎ በመዘጋቱ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለው አያ ጅቦ ነበር።

በዚህ ጊዜ ዝንጀሮ ከመቀመጫው ዘለለ። “ምን ታዳርቁናላችሁ! የሰረቀው እኮ ስለራበው ነው። ክረምቱ ከብዶበታል፣ ጨቅላ ልጅ አለው፣ ሥሩን ሁሉ ጎርፍ ወስዶበታል።” ሸንጎው “አዎን፣ ርቦት ነው፣ ምስኪን” ብሎ አጉረመረመ። አንዳንዱ እንባ አቀረረ። ጃርት ይህን ሲሰማ የበለጠ ደነገጠ፤ ከስድቡ ሐዘኔታው አስፈራው።

አህያ ለዝንጀሮ ድንጋይ አልሰጠውም። “አያ ዝንጀሮ፣ እሱ ያሉት መስረቁን ካመንን በኋላ ‘ለምን ሰረቀ?’ ስንል የሚመጣ መልስ ነው። እኛ ገና ‘ሰርቋል ወይ?’ ላይ ነን። የራበው ሁሉ ከሰረቀ ደግሞ በዚህ ክረምት ከዚህ ዋርካ ሥር ንጹሕ አይገኝም።”

የዝንጀሮን ነገር ቸኩዬ ባላልፈው እመርጣለሁ፣ ከጦጢት ይልቅ እሱን እፈራዋለሁና። በሰፈራችንም ሆነ በስልካችን መስኮት አንድ ወሬ ሲመጣ እንየው። ነገሩ መሆን አለመሆኑ ሳይጣራ ሦስት ምክንያት ይደርስለታል፦ አንዱ “ጥቅም ፈልጎ ነው” ይላል፣ ሌላው “ቂም ይዞ ነው”፣ ሦስተኛው “ተልኮ ነው”። በሦስቱ መካከል የጦፈ ክርክር ይነሣል። ከክርክሩ ሙቀት የተነሣ ድርጊቱ መፈጸሙ የታወቀ ነገር ይሆናል፤ ተከራካሪዎቹ በሌላው ሁሉ ሲጣሉ በእሱ ብቻ ተስማምተዋልና። የዝንጀሮ ምክንያት ጃርትን የሚራራለት ይመስላል። የሚያደርገው ግን ነጩን ድንጋይ ያለ ተሸካሚ አየር ላይ ማቆም ነው።

ሦስት ጥቁር ድንጋይ ቀረ። እሾኹ ደፉ ላይ ተገኝቷል፤ እንዲህ ያለ እሾህ የሚጥል ጃርት ብቻ ነው፤ ጃርት ሌሊት ይሄዳል።

“የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥንድ ናቸው” አለ አህያ። “አንዱ ያለ ሌላው እንደ አንድ ጎን ስልቻ ነው፣ ይዞ ይገለበጣል። እሾህ ተገኘ ማለት ብቻውን የማንንም ስም አይጠራም። እሾህ የጃርት ነው ማለትም ብቻውን ስለ ጎተራው አይናገርም። ተጋግዘው ሲቆሙ ግን አንድ ነገር ይሸከማሉ፦ ጃርት በዚያ በር አልፏል።”

“እኮ!” አለች ጦጢት።

“ሁልጊዜ ነው የማልፈው” አለ ጃርት። “ወደ ምንጩ መውረጃው እሱ ነው። እሾሄ ደግሞ ሳላውቀው ይወልቃል።”

“እሱንም ቢሆን ቁራ ጎጆው ውስጥ የሰካውን እሾህ ማን እንዳመጣለት ይጠየቅ ነበር” አለ አህያ። ቁራ ወደ ሰማይ አየ። “ግን ይሁን፣ አልፏል እንበል። ‘አልፏል’ እዚህ ነው።” ሰኮናውን ከጥቁሮቹ አጠገብ አሳረፈ። “‘ሰርቋል’ እዚያ ነው።” ወደ ነጩ አየ። በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ባዶ መሬት ነበር።

“ሌሊት መሄዱስ?” አለ ነብር ሳያስበው፣ ወዲያው ግን ባልተናገርሁ ብሎ ተጸጸተ።

“እሱም ቢሆን አይደርስም ጌታዬ። ሌሊት ይሄዳል፣ በበሩ ያልፋል፤ ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ነገር ግን ጭነቱ ሳይወድቅ እንደተንጠለጠለ አያለሁ። ሸንጎው ሁሉ አይወድቅም ብሎ ምሏል። እንግዲህ እኔ የማላየው አንድ ተሸካሚ ከዚህ መካከል ቆሟል ማለት ነው። ሁሉ የሚያምነው፣ ማንም ያልጠራው ምስክር። እባክዎ እመት ጦጢት፣ ይጥሩልኝና ቃሉን ልስማ።”

“ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ምን ያስብለኛል!”

እዚህ ላይ ተረቱን ትንሽ ላቁመው። አርስቶትል ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ንግግር ጥበብ ሲጽፍ፣ ተናጋሪ አድማጩ የሚያውቀውን መነሻ ባይጠራው ይሻላል፣ አድማጩ ራሱ ይሞላዋል ይላል። ለተናጋሪው ትልቅ ጥቅም ነው። ራሴ ያዋጣሁበትን ሐሳብ እንዴት እጠረጥረዋለሁ? የተነገረ ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይቀርብለታል፣ ይዋሻል፣ ይያዛል። ያልተጠራው ግን ሸንጎ መካከል ተቀምጦ ሳይምል ይመሰክራል፣ ማንም “አንተ ማነህ?” አይለውም። የስብሰባ ሰው ይህን ምስክር የሚያስገባበት በር አለው፤ ጦጢትም በዚያው ነው ያስገባችው፦ “እንደሚታወቀው”። በማን እንደሚታወቅ ጠይቆ የሚያውቅ ካለ አላጋጠመኝም።

በአገራችን ያለ ስሙ ሲመሰክር የኖረ አንድ ምስክር አለ። አንጥረኛው ማረሻ ይሠራል፣ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናና ምጣድ ትሠራለች፣ ሸማኔው የምንኮራበትን ነጠላ ይሠራል። ልጅ የታመመ ቀን ግን ዓይን የሚዞረው ወደ እነሱ ቤት ነበር። “ልጁ ታሟል፤ ቀጥቃጩ በበራችን አልፏል” ይባላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ማንም ጮክ ብሎ አይለውም፣ ማለትም አያስፈልገውም። አጤ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ አፍን መያዝ ይችላል። ያልተነገረውን በምን አዋጅ ይይዙታል? አውጥቶ ከማናገር በቀር መላ የለውም፣ እሱን ደግሞ ከንጉሥ ይልቅ ጎረቤት ነው የሚችለው።

ወደ ሸንጎው ልመለስ። አንበሳ ነገሩ ጥሞታል፤ ዝናቡንም ረስቶታል። “ጦጢት፣ ምስክሩን ጥሪ” አለ።

ጦጢት ዘንጓን መሬት ላይ አስጮኸች። “ይሁን! ሌሊት የሚሄድ ሁሉ ሌባ ነው! ይኸው፣ አልሁት!”

ዋርካው ሥር ጸጥ አለ። ጉጉት አንገቷን ዞር አደረገች። የሌሊት ወፍ ክንፉን ፊቱ ላይ ጋረደ። አያ ጅቦ ቀስ ብሎ ቆመ። ነብር ጥፍሩን ይመለከት ጀመር። አንበሳ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ የአንበሳ አደን ሌሊት መሆኑን የማያውቅ በዚያ የለም።

“እኔስ?” አለ አንበሳ።

“ጌታዬ!” ጦጢት መሬት ሳመች። “እርስዎማ አገር ሊጠብቁ ነው የሚወጡት። እንግዲያው እንዲህ ይሁን፦ ሌሊት የሚሄድ፣ ንጉሥ ያልሆነ ሁሉ ሌባ ነው።”

“እኔስ?” አለ አያ ጅቦ፣ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

“አያ ጅቦማ ሰፈር የሚያጸዱ ናቸው። ሌሊት የሚሄድ፣ ንጉሥ ያልሆነ፣ ጥርሱ … ማለቴ አገልግሎቱ የታወቀለት ካልሆነ በቀር ሌባ ነው።”

“እኔ አይጥ ስጠብቅ ነው የማድረው” አለች ጉጉት። አይጥ ተሸማቀቀ። ጉጉትም ወጣች። ነብር አንድ ቃል ሳይናገር ወጣ። የሌሊት ወፍ እህል አይበላም ተባለና ወጣ። ጦጢት ያን ምስክር እየከረከመች፣ ከወገቡ እየቀነሰች፣ ከትከሻው እየላጨች ሄደች፤ ሁሉም በየተራው ሲወጣ ላቧን እየጠረገች ጨረሰችው፦ “ሌሊት የሚሄድ፣ ሥር የሚቆፍር፣ እሾህ የለበሰ፣ በዚያ በር ያለፈ፣ ስሙም ጃርት የሆነ፣ እሱ ሌባ ነው!”

አህያ ነጩን ድንጋይ አየ፣ አዲሱን ምስክር አየ። “ይህማ ራሱ ጭነቱ ነው” አለ። “መልኩን ቀይሮ ከራሱ ሥር ገብቶ ራሱን ተሸክሟል። መጀመሪያ ሲጠራ ሁላችንን ሌባ ያደርገን ነበር። አሁን አንዱን ብቻ ሌባ ያደርጋል፣ እሱንም ሌባ ነው ስላልን ነው።” ነጩን ድንጋይ በአፍንጫው ነካ ቢያደርገው ተንከባለለ።

ጃርት እሾኹ ሁሉ ተኛ። “እንግዲህ ነጻ ነኝ! አልሰረቅሁም ተባለ!”

“እንዲህ አላልሁም” አለው አህያ።

“እንዴት?”

“ጭነቱ ወደቀ ማለት ዕቃው የለም ማለት አይደለም። ሰርቀህም ሊሆን ይችላል። እኔ ያልሁት፣ ከዚህ የተነገረው ነገር ሁሉ መስረቅህን አላሳየም ነው። በመጥፎ አህያ የተጫነ ጨውም ጨው ነው።”

ጃርት አመረረ። ከከሳሹ ይልቅ በጠበቃው ተቀየመ፤ “የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም” ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ለመናገር እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቀየም ነበር። ሰው ሸንጎ ፊት ሲቆም የሚፈልገው ወገን ነው፣ አህያው የሰጠው ግን ሚዛን ነው። ለዚህ ነው ነገር የሚለይ ሰው ከሁለቱም ወገን ምስጋና የማያገኘው፤ ከሳሽ ለሌባ ቆመ ይለዋል፣ ተከሳሽ ግማሽ መንገድ ላይ ጣለኝ ይለዋል።

አንበሳ ሊነሣ ሲል አህያ እንደገና አፉን ከፈተ። “ጌታዬ፣ አንዲት ነገር ቀርታኛለች። ይህ ሁሉ የተጫነው ‘እህሉ ተሰርቋል’ በሚለው ላይ ነው። እሱንስ ማን ተሸክሞታል?”

ሸንጎው በአንድ ድምፅ “ጅግራ ናታ!” አለ።

ጅግራ ከቅርንጫፍ ሥር ወጣች። “እኔ?” አለች። “እኔ ጎድሏል ነው ያልሁ። ሲሰርቅ ያየሁት የለም።”

“መጉደሉ የታየ ነው” አለ አህያ። “መሰረቁ ግን ከመጉደሉ የተወሰደ ፍርድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እንደ ዓይን ምስክር አገልግሎናል እንጂ እሱም ተሸካሚ ያስፈልገው ነበር። ነቀዝ በልቶት ቢሆንስ? ጣራው አፍስሶ ከሥሩ በስብሶ ሰርጎ ቢሆንስ? በብድር ወጥቶ ሳይመለስ ቀርቶ ቢሆንስ?”

“ብድር” የምትለዋ ቃል ስትነሣ በተለይ ከላይኛው ወንበር አካባቢ መቀመጫ ተንኳኳ።

አንበሳ ራሱ የጀመረውን መመለስ አልቻለም፤ ሸንጎው ሁሉ እያየው ነው። “ጎተራው ወጥቶ በቁና ይሰፈር” ብሎ ፈረደ። “ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ ማን ምን ያህል እንደተበደረ ይቆጠር።”

ያን ጊዜ ሁሉም ሥራ ያዘው። ከርከሮ መንገዱን ጎርፍ ሊቆርጥብኝ ነው አለ። ጥንቸል ልጄ ታሞብኛል አለች። ነብር ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ እንደሚጠብቀው ያን ዕለት ትዝ አለው። ዝንጀሮ በዚህ ዝናብ እህል አውጥቶ መስፈር ራሱ እህሉን ያበላሻል ብሎ በምክንያት ተከራከረ፣ ሐቅም አለው። አይጥ ግን ከሁሉ ቀድሞ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ፣ “ቀጠሮ ይሰጠን” አለ። ለመስቀል ማግሥት ተቀጠረ።

“እስከዚያው” አለ አንበሳ፣ “ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ይሁኑ።”

ቁራኛ የጥንት ሕግ ነው። ነገራቸው እስኪያልቅ ሁለቱ በሸማ ጫፍ ተቋጥረው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አንዱ እንዳይጠፋ። የጦጢት ነጠላ ጫፍ ከጃርት የፊት እግር ጋር ተቋጠረ። ማን እንደቋጠረው አይታወቅም፤ ፈቃደኛ ለማግኘት ጊዜ ወስዷል።

ጦጢት ቀን የምትውል፣ ሌሊት ዛፍ ላይ የምትተኛ ናት። ጃርት ዛፍ አይወጣም። ቀን ቀን እሱ በጉድጓዱ ሲያንቀላፋ እሷ በደጁ ተቀምጣ ትዝታለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ሥር ፍለጋ ይወጣል፣ እሷ እየተጎተተች፣ እሾኹን እየሸሸች፣ እየተራገመች ትከተለዋለች። ውኃ የሚጠጡት ከምንጩ ነው። ወደ ምንጩ መውረጃው ያው በጎተራው በር ነው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሚዳቋ ጥንቸልን ከምንጩ ዳር አገኘቻትና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

“ጦጢትን ትናንት ሌሊት አየኋት።”

“ሌሊት? የት?”

“በጎተራው በር ስታልፍ።”

ጥንቸል እጇን አፏ ላይ ጫነች። “እኔስ ድሮም ጠርጥሬያት ነበር” አለች።